ለታሰረ ሰው የተሳለ ቢላዋ

ባላምባራስ እንዳላማው ቢላዋውን እየሳለ ፉከራውን ያጠና ነበር። ከደምበጫ ማዶ በተደረገው ውጊያ አንድ የጣሊያን አስካሪ፣ ከቅኝ ግዛቷ የተመለመለ ሐበሻ ወታደር፣ ተማርኮ በግቢው ወይራ ላይ ታስሯል። የማረኩት ሌሎች ናቸው፤ ባላምባራስ የደረሰው ሰውየው ከታሰረ በኋላ ነው። ያም ሆኖ ሰልቦ ግዳይ ሊጥል ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቷል። ለእንዲህ ያለ ጀግንነት ጠመንጃ አያስፈልግም፤ ጠንካራ ገመድ ይበቃል።

ሚስቱ ወለተ ሚካኤል ግን ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ልጇ ፍሥሐ በደብረ ማርቆስ ከተማ በጣሊያን እጅ ታስሯል። ቢላዋው ድንጋዩን በፋቀ ቁጥር የምታየው የልጇን ገላ ነበር። ወሬው ነገ ማርቆስ ይደርሳል፤ ከዚያስ በፍሥሐ ላይ ምን ይሠሩ ይሆን?

ጋቢ ሊያደርሱ የመጡት ሸማኔው ሼህ እድሪስ ይህን አይተው ዝም አላሉም።

«ባላምባራስ፣ ነቢያችን የጠላትን ገላ መቆራረጥ ከልክለዋል። ሴት፣ ሕፃን፣ በገዳሙ ያለ መነኩሴም በጦርነት አይነኩም። ምርኮኛ ደግሞ ይመገባል።»

«ሸማኔ የጦር ሕግ ሊያስተምረኝ!» አለ ባላምባራስ እየሳቀ። «መርዝ ሲረጩብን ሕግህ የት ነበር?»

«ስለረጩት መርዝ እነሱ ይጠየቃሉ። እርስዎ የሚጠየቁት ስለዚህ ሰው ነው።»

«እስላም ስለሆነ ነው ያዘንክለት!»

«አንገቱን አይተውታል?» አሉ ሼህ እድሪስ።

ሁሉም ዞሮ አየ። አስካሪው ማተብ አስሯል። ሊሰልበው የተነሣው ጀግና ቀና ብሎ ፊቱን እንኳ አላየውም ነበር።

«ማተብ ባይኖረውስ ኖሮ?» አለች ወለተ ሚካኤል ወደ ባሏ ዞራ። «እንግዲያው ጌታዬ፣ ሲፎክሩ እጁ ታስሮ እንደነበር መናገር አይርሱ!»

ከጎረቤቶቹ አንዱ ፈንድቶ ሳቀ። ባላምባራስ ቢላዋውን ሰገባው ውስጥ ከትቶ ቤት ገባ። ተጸጽቶ ነው? የት አባቱ! የፈራው ሳቁን ነው።

እሷ ገመዱን አላልታ እንጀራ አቀረበችለት።

«ብላ» አለችው። «ልጄን የሚጠብቀው ሰው ይህን እንደማያይ አውቃለሁ። ብቻ ብላ።»

ከዓመታት በኋላ መንግሥታት ጄኔቫ ላይ ተሰብስበው ምርኮኛ እንዳይጎዳ የሚለውን የቀድሞ ውል አጠናክረው ተፈራረሙ። የደምበጫው ሸማኔ ግን ይህን ከሃይማኖታቸው ሕግ ቀድመው ተምረውት ነበር፤ እሳቸውን የናቀው ፎካሪ ነው ያልተማረው። ወገኖቼ፣ ልጆቻችን ነገ በማን እጅ እንደሚወድቁ አናውቅም። በእጃችን የወደቀውን ሰው ግን እናውቀዋለን፤ እንጠብቀው።