ቱቦ የሌለው ሐዲድ

ኢቅራ በደረቷ ተኝታ አንድ ዓይኗን ጨፍናለች። ከሰርዲን ቆርቆሮ የተሠራው ባቡር ከዶሮ ቤቱ ጀርባ ብቅ አለ፤ እየተንገዳገደ መጣና ኩርባው ላይ ሲደርስ ትንሽ እንደማሰብ ብሎ ዞረ። ሳይወድቅ!

«ዋጃ ደርሰናል!» ብሎ ጮኸ ሄኖክ። «ወራጅ ውረድ! ፍየል የያዘ በኋላ በር!»

ሄኖክ የክፍሏ ልጅ ነው፤ አፉ ከቆቦ ባጃጅ ሁሉ ይፈጥናል። «ባቡሩ አንድ ቀን አጥር ጥሶ ሄዶ ጎብዬ ገበያ ሊገባ ሲል በጅራቱ ይዤ መለስኩት» ብሎ ስላወራ፣ ቅዳሜ የክፍሉ ልጅ በሙሉ ሊያይ ይመጣል። ኢቅራ ግን ያለ ወሬም ትኮራበታለች። ሐዲዱ ጥቅል ሽቦ ነው፤ ከሥሩ የማሽላ አገዳ ተረብርቦለታል፤ ሞተሩ ከተሰበረ የሕፃን መኪና የወጣ ነው። ሐዲዱ ያረፈበትን አፈር ደግሞ ሁለቱ የእነኢቅራን ጓሮ ከዳር እስከ ዳር አቋርጠው፣ እስከ ጉልበት ከፍ አድርገው ከመሩት። ልክ ከከተማው ውጪ ለእውነተኛው ሐዲድ ተከምሮ፣ ባቡሩን ሲጠብቅ ሣር እንዳበቀለው ትልቅ ክምር።

ባቡሩ ሁለተኛ ሊዞር ሲል ከአጥሩ ወዲያ ጩኸት ተሰማ።

«ማሽላዬን! ኧረ ማሽላዬን!»

ሁለቱም ሮጠው አጥሩ ላይ ተንጠለጠሉ። ጎረቤታቸው ጋሽ ደምሴ የእህል ጉድጓዳቸውን ከፍተው፣ እፍኛቸውን እያዩ ቆመዋል። ማሽላው ጠቁሮ ተጣብቋል። ሽታው አጥሩን ዘሎ መጣ።

«አይጥ ናት ጋሼ!» አለ ሄኖክ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ትናንት አይቻታለሁ፤ ፍየል ታክላለች። ድመታችን እንኳን ሰላም ብላት ነው ያለፈችው።»

ጩኸቱን ሰምቶ የተሰበሰበው ጎረቤት ሳቀ። ጋሽ ደምሴ አልሳቁም።

«አይጥ ውኃ አትቀዳም፣ ልጄ። አያ አሊ ነው። ዘንድሮ የጉድጓዱን አፍ ደህና አልመረገውም።»

ኢቅራ ወደ ጓሮዋ ዞር አለች። ሰሞኑን ተራራው ላይ ዘንቦ፣ እነሱ ትምህርት ቤት፣ ጋሽ ደምሴም ማሳ ላይ ሳሉ ጎርፍ ወርዶ ነበር። የቆቦ ፀሐይ ደግሞ ምስክር አታቆይም፤ እነሱ ሲመለሱ ሁሉን አድርቃ ጠበቀቻቸው። ድሮ ጎርፉ ጓሮውን አቋርጦ ወደ መንገዱ ይወጣ ነበር። አሁን ክምሩ ወገብ ላይ የደረቀ የጭቃ መስመር ይታያል። በዓይኗ ተከተለችው። መስመሩ ክምሩን ይዞ፣ ይዞ፣ በጋሽ ደምሴ አጥር ሥር ገባ።

ትልቁ ክምር ከሥሩ ጎርፍ የሚያሳልፍ ቱቦ አለው። የራሳቸውን ሲከምሩ «ቱቦስ?» ብላ ነበር። ሄኖክ «የኛ ባቡር ዋና ይችላል» ሲላት ስቃ ተወችው።

«ሄኖክ፣ እኛ ነን» አለችው፣ መስመሩን እያሳየችው።

«ዝም በይ አቦ!» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ካወራሽ ዛሬውኑ ክምሩን በአካፋ ይንዱታል። ቅዳሜ ምን ልንል ነው? ደግሞ አባባ አሊ ሽማግሌ ናቸው፤ ማን ይመታቸዋል?»

ከሰዓት በኋላ አባባ አሊ ተጠርተው መጡ። የሰፈሩን የእህል ጉድጓድ የሚቆፍሩትም የሚመርጉትም እሳቸው ናቸው። በዓል በመጣ ቁጥር፣ የማንም በዓል ይሁን፣ ከጋሽ ደምሴ ጋር አንዱ ካንዱ ቤት አይጠፉም። ዛሬ ግን ጋሽ ደምሴ «አረፍ በል» እንኳን አላሏቸውም። ሽማግሌው መሬት ላይ ተኝተው የጉድጓዱን አፍ ዙሪያውን በጣታቸው ዳሰሱት። ደግመው ዳሰሱት።

«ወላሂ ደምሴ፣ እንደ ሁልጊዜው ነው የመረግኩት» አሉ። ከዚያ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። «እንግዲህ እጄ አርጅቶ ይሆናል። ካሁን ወዲያ የሰው እህል አልነካም።»

«ልጆቼ ክረምቱን ምን ይቅመሱ፣ አያ አሊ?» አሉ ጋሽ ደምሴ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር።

ሄኖክ አፉን ከፈተ። ኢቅራ የአይጧን ወሬ ጠበቀች። ምንም አልወጣም፤ ያ አፍ ባዶ ሲከፈት ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

ከአጥሩ ወረደች። ተራራው እንደገና ጠቁሯል። ባቡሩን አንስታ ደጃፉ ላይ አስቀመጠችና አካፋውን ይዛ ጎርፉ ድሮ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ቆመች።

«ኢቅራ፣ ቅዳሜስ?» አለ ሄኖክ።

ክምሩን መታችው። ደገመችው። ክምሩ ተከፈለ፤ ሽቦው ከነአገዳው አየር ላይ ቀረ። ሄኖክ ቀረበና፣ ሽቦው እንዳይበጠስ ጫፉን በሁለት እጁ ያዘላት።

እጇን ሳትታጠብ ወጥታ የጋሽ ደምሴን በር አንኳኳች።

«ምነው ልጄ?» አሉ በሩን ከፍተው፣ ጭቃዋን እያዩ።

«ውኃ የቀዳችውን አይጥ ላሳይዎት ነው፣ ጋሼ። እኛ ጓሮ ነች።» ከኋላቸው ነጠላ ጫማቸውን ለመሄድ የሚያጠልቁትን ሽማግሌ አየች። «አባባ አሊም ይምጡ። እሳቸው ይቅደሙ።»