ሳንቃ በር ላይ በድምፄ የጠራው

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይሄን መጀመሪያ ልንገራችሁና ልገላገል። ሥራዬ ጎንደር አንድ ክሊኒክ ውስጥ ደምና ሽንት መመርመር ነው፣ በማይክሮስኮፕ ያላየሁትን አለ ብዬ ጽፌ አላውቅም፣ ሰዎች ስለ ዛርና ስለ ቆሌ ማውራት ሲጀምሩ ስቄ የምነሳው እኔ ነኝ። የምነግራችሁን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮም እስቅ ነበር፣ እመኑኝ።

የአጎቴ ልጅ ዳባት ላይ ሲዳር ነው፣ መንገዱ ሰላም ነው የተባለ ሰሞን። ከታላቅ እህቴ ጋር ሄድን፣ እታለም ነው የምላት፣ እናታችን ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሰርጉ አልፎ በማግስቱ ልንመለስ ስንል፣ እታለም ነጠላዋን እያጣፋች «እኔ እምለው ስንዱ፣ ፈረንጁ ባሕር አቋርጦ መጥቶ የሚያየውን ስሜን እኛ አፍንጫው ሥር ተወልደን ሳናየው ልንሞት ነው?» አለችኝ። የሙሽራው ዘመድ ደሳለኝ፣ ላንድክሩዘር የሚነዳ ቀልደኛ ሰው፣ አጠገባችን ቆሞ ስለነበር «ይሄ ምን ጭንቅ አለው፣ እኔ አደርሳችሁ የለ» አለ፣ በዚያው ወጣን።

ደባርቅ ስንደርስ ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ ማለት ነው፣ ተመደበልን፣ ጋሽ ማሩ የሚባሉ፣ ክላሽ ያነገቱ፣ ጢማቸው የሸበተ፣ እያንዳንዱን ቃል እስከ ጫፉ አድርሰው የሚናገሩ ሰው። ቡይት ራስን አለፍ እንዳልን ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ እንደ ማኅበርተኛ ክብ ሠርተው ሣር ሲነጩ አገኘናቸው፣ እታለም ካልወረድኩ አለች፣ ወርዳም «እንደምን ዋላችሁ» አለቻቸው፣ ደሳለኝ መሪውን እየደበደበ ሳቀ። ከዚያ ሳንቃ በር ደረስን፣ ፏፏቴው የሚታይበት ገደል ግን በእግር ነው የሚኬደው፣ ደሳለኝ ጉልበቴን ያመኛል ብሎ መኪናው ጋ ቀረ፣ እኛም ቀለል እንዲለን ብለን ቦርሳችንን እሱው ዘንድ ትተን ሄድን።

በአስታው ዛፍ ሥር ለሥር ነው መንገዱ፣ ሽበት የመሰለ ነገር ከየቅርንጫፉ ተንጠልጥሏል፣ እታለም በየጥቂቱ እየቆመች ስለምታይ ብዙ ቆየን። አፋፉ ላይ ስንወጣ ግን፣ ወዳጆቼ፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ መሬቱ በቢላ የተቆረጠ ይመስል ድንገት ያልቃል፣ ከማዶ ውኃው ነጭ ክር ሆኖ ይወርዳል፣ ታች ቁራዎች ሲበሩ ጀርባቸውን ነው የምታዩት። እኔ መቼም ዝም ማለት አልችልበትምና እጄን አፌ ላይ አድርጌ «ኧረ ሁይ!» ብዬ ጮህኩ።

የገደል ማሚቶው መለሰልኝ፣ «ኧረ ሁይ!» ደግሜ ጮህኩ፣ ደግሞ መለሰ። በዚህ ምንም የሚገርም ነገር የለም፣ ድምፅ ከድንጋይ ተላትሞ ይመለሳል፣ ይኸው ነው። ሦስተኛውን ግን እኔ አልጮህኩም።

ተቀምጠን ነበር፣ ፀሐዩ ደስ ይላል፣ እታለም ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሻለች፣ ከገደሉ ውስጥ ሴት ስታወራ ሰማሁ። ጩኸት አይደለም፣ ጎረቤት ቤት ከግድግዳው ወዲያ ሰው ሲያወራ እንደምትሰሙት ነው፣ ቃሉ አይለይም፣ የሆነን ሰው ሥራ እንደምታዝ ግን ያስታውቃል። ከኛ በላይ ይግጡ የነበሩት ጭላዳዎች ሁሉ መንጨታቸውን ትተው አንገታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩ፣ ከዚያ ተራ በተራ ዘቅዝቀው ወደ ታች ወረዱ።

እታለም ቀና ብላ አየችኝ። «ስንዱ፣ ያንቺ ድምፅ አይደለም እንዴ?»

«አፌ ተዘግቶ እያየሽ?» አልኳት።

ጋሽ ማሩ «ነፋስ ነው» አሉ፣ ግን መሣሪያቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩ፣ ደግሞ ነፋስ የሚባል አልነበረም፣ የሣሩ ጫፍ እንኳን አይነቃነቅም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያች ሰዓት ከመፍራት ይልቅ ማወቅ ነው የፈለግሁት፣ በደረቴ ተኝቼ ጆሮዬን ወደ ገደሉ ሰጠሁ፣ ምን እንደምል ለመስማት።

ጭጋጉ የመጣው ያኔ ነው። ከታች እንደሚፈላ ወተት ገንፍሎ ወጣ፣ ፏፏቴውን ዋጠው፣ እኛንም ዋጠን፣ ብርዱ አጥንት ገባ፣ ከጀርባዬ እታለም መሳል ጀመረች። አስም አለባት፣ ለዓመታት ስላልተነሳባት ዘንግተነው ነበር፣ ፓፏ፣ ያ በአፍ የሚሳበው መድኃኒቷ፣ መኪናው ውስጥ ሰማያዊዋ ቦርሳ ውስጥ ነው። ደረቷ እንደ ፉጨት ይጮሃል፣ ከንፈሯ ጠቆረ፣ እጄን ይዛ ዓይኗን ብቻ ታፈጥብኛለች። ስልኬን አወጣሁ፣ ኔትወርክ የለም።

«እኔ እሮጣለሁ» አሉ ጋሽ ማሩ፣ ግን ሁለታችንም እናውቃለን፣ ሄዶ መመለስ አለ፣ በዚያ ጭጋግ፣ በዚያ ገደል።

ገና አንድ እርምጃ ሳይራመዱ ደሳለኝ ከጭጋጉ ውስጥ ወጣ። እያነከሰ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ ሰማያዊዋን ቦርሳ እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎ።

ነጥቄው ፓፉን አፏ ውስጥ ከተትኩ፣ ነፋሁላት፣ ደገምኩላት፣ ቀስ በቀስ ፉጨቱ ቀነሰ፣ ከንፈሯ መልክ ያዘ። መሬት ተቀመጥኩና «ማን ነገረህ?» አልኩት።

«ምን ማለትሽ ነው? አንቺው ነሻ!» አለ ደሳለኝ። «‹ደሳለኝ፣ ሰማያዊዋን ቦርሳ ይዘህ ና› አላልሽም? እኔማ ቦርሳው ውስጥ ያለው የሰርጉ ዳቦ አማራት ብዬ እየሳቅሁ ነው የተነሳሁት።»

«ከዚህ እዚያ ድረስ ትሰማኛለህ?»

«ከመኪናው ኋላ የቆምሽ ያህል ነዋ! ዞሬም አየሁ።» ከዚያ ፊታችንን አይቶ ድምፁን ቀነሰ። «ስነሳ እኮ ጠራራ ፀሐይ ነበር።»

አያችሁ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። እሱ የተነሳው ጭጋጉ ሳይመጣ፣ እታለም ሳትስል ነው፣ እኔ ራሴ ቦርሳው እንደሚያስፈልገኝ ሳላውቅ። ጋሽ ማሩን አየኋቸው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ገደሉ ቆመዋል፣ «ገደሉ ሰው ጠርቶ ወሰደ ሲባል ሰምቻለሁ» አሉ፣ «ጠርቶ አዳነ ሲባል ግን፣ ልጄ፣ ዛሬ መስማቴ ነው።»

ስንመለስ እታለም ኋላ ወንበር ላይ ጋቢ ለብሳ እንቅልፍ ወሰዳት፣ ደባርቅን አልፈን ወደ ዳባት ስንወርድ ደሳለኝ በመስታወቱ አያትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቦርሳዋን ብቻ አይደለም ያልሽኝ» አለኝ።

«ሌላ ምን አልኩህ?»

ማርሽ ቀየረ። መንገዱን አየ። «እሱ ገና አልደረሰም» አለ፣ ከዚያ ጎንደር እስክንገባ አንድም አልቀለደም።

ይኸው ዓመት አለፈ፣ በየበዓሉ እንኳን አደረሰህ ልለው እደውልና እጠይቀዋለሁ፣ ወሬ ይለውጥብኛል። ባለፈው ግን አጥብቄ ያዝኩት፣ ደሳለኝ በሞቴ፣ ክፉም ቢሆን ንገረኝ አልኩት፣ «በእውነት አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«ስንዱ ነኝ፣ ምን ማለትህ ነው?»

«ያኔም ከመኪናው ኋላ ዞሬ ሳጣሽ፣ አንቺ ነሽ ወይ ስልሽ፣ እንዲሁ ነበር ያልሽኝ» አለና ስልኩን ዘጋው።