የክፍሉ ዝምታ

ቅብጥብጧ የሚለውን ስም ያወጣችላት ያሳደገቻት አክስቷ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንላትም፤ ቆማ ትበላለች፣ እየተራመደች ታጠናለች፣ ተኝታ እንኳ ትራገጣለች። ዛሬ ደግሞ ብሶባታል። የፊልም ፌስቲቫሉ የመዝጊያ ቀን ነው፤ ለሴት ፊልም ሠሪዎች የሚሰጠው ሽልማት ሊታወጅ ነው፤ እሷም ከአምስቱ እጩዎች አንዷ ናት።

«ቁጭ በይ እስቲ፤ መርፌ ላይ የተቀመጥሽ ይመስል» አለች አክስቷ በሹክሹክታ።

«ተቀምጫለሁ እኮ፣ እቴቴ።»

«ገላሽ ተቀምጧል፤ ዓይንሽ ግን በሩ ላይ ነው። አትምጣ ያልሽውን ሰው ነው የምትጠብቂው?»

 አክስቷ እውነቷን ነው።

አትምጣ ያለችው የፊልሙን የድምፅ ባለሙያ ነው፤ የሥራ ባልደረቦቹ «ጆሮ» ይሉታል። ፊልሙ ስለ አክስቷ የልብስ ስፌት ቤት ነው። አዘጋጇ እሷ ናት፣ ካሜራውንም የያዘችው እሷው፤ ድምፁን የቀዳው ግን እሱ ነው። የመጀመሪያው ቀን ቀረፃ ሲያልቅ እጁን አነሳና «ማንም እንዳይንቀሳቀስ፤ የክፍሉን ዝምታ ልቅዳ» አለ። ባዶ ክፍልም የራሱ ድምፅ አለው፤ ንግግር ተቆርጦ ሲቀጠል ክፍተቱ የሚሞላው በዚያ ነው። የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ብቻ ነው።

እሷ ግን አንዷን ደቂቃ አልቻለችም። ቀኝ እጇ ላይ ያሉት ሁለት ቀጫጭን አምባሮች ቅጭል አሉ።

«እንደገና» አለ።

ቅጭል።

«እንደገና።»

በአራተኛው ሙከራ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ያያታል፤ እሷም ታየዋለች። የደቂቃውን ግማሽ ሳትንቀሳቀስ ቆየች፤ ለእሷ ይህ ተአምር ነበር። ከዚያ ወዲህ የየቀኑ ቀረፃ የሚያልቅበትን ያችን ደቂቃ መናፈቅ ጀመረች። አራት ወር ሙሉ እንዲህ ሲተያዩ ከርመው፣ አንድ ቀን ዝናብ ስፌት ቤቱ በር ላይ ሲያቆማቸው እንደሚወዳት ነገራት።

«ምነው ዘገየህ?» አለችው።

ከዚያ ወሬው መጣ። ያለፈው ዓመት ተሸላሚ የደረሰባትን ሁሉም ያውቃል፤ ፊልሙን የሠራላት ባሏ ነው ተባለና፣ ምስኪን፣ እስከ ዛሬ ሥራ የሚሰጣት አጥታለች። ስለ እሷና ስለ ጆሮም መንሾካሾክ ተጀመረ። የዛሬ ሁለት ሳምንት የጆሮ ድምፅ ስቱዲዮ ድረስ ሄዳ፣ ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደች፣ «ሽልማቱ እስኪያልፍ አብረን ባንታይ ይሻላል። ፌስቲቫሉም ላይ አትምጣ» አለችው።

«እሺ» አላት።

እሺ ብቻ። ቢቆጣ ትለምነው ነበር፤ ቢሰድባት ትመልስለት ነበር። ይህ እሺ ግን እንቅልፍ ነሳት። ትደውልና ሳያነሳ ትዘጋዋለች። ትላንት ደግሞ አንዲት ባልደረባቸው፣ ጆሮ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ዕቃውን እየሸከፈ መሆኑን እንደ ዋዛ ነገረቻት።

የመድረክ መሪዋ ፖስታውን ከፍታ የፊልሙን ርዕስ ጠራች። የቅብጥብጧን ፊልም። አክስቷ ጎኗን በክርን ደቃቻት።

ተሸላሚዋ ወደ መድረክ ከመውጣቷ በፊት የፊልሙ የመጨረሻ ትዕይንት ይታያልና መብራቱ ደበዘዘ። ሸራው ላይ አክስቷ የስፌት መኪናዋን ከድና፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ትቀመጣለች። ንግግር የለም። አዳራሹ ጸጥ አለ።

ቅጭል።

ክው አለች። ፊልሙን መቶ ጊዜ አይታዋለች፤ ግን ቤቷ ውስጥ፣ በኮምፒውተሯ ደካማ ድምፅ፣ እንደ ልማዷ እየተንጎራደደች ነው። እንዲህ ቁጭ ብላ አዳምጣው አታውቅም። የራሷ አምባር ነው። «ይህን ድምፅ አጥፋው፤ ያሳፍራል» ብላው ነበር። አላጠፋውም። ብዙ ንጹሕ ዝምታ ቀድቶ ሳለ እሷ ያለችበትን መርጦ፣ የፊልሙ መጨረሻ ላይ አስቀምጦታል። ከአዳራሹ ሰው ማንም ልብ አላለውም። እሷ ግን እንባዋ መጣ። ይህን ያህል የሚወዳትን ሰው እንደ ነውር ደብቃዋለች።

መድረኩ ላይ ወጥታ ሽልማቱን፣ ትንሽ የነሐስ ቅርፅ፣ ተቀበለች። ያዘጋጀችው ንግግር ቦርሳዋ ውስጥ ቀረ።

«ፊልሙን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች። «ይህን ለማንም አላካፍልም። ዝምታውን የቀዳልኝ ግን የምወደው ሰው ነው። ወሬ ፈርቼ አትምጣ አልኩት። ወሬው አልቀረልኝም፤ እሱ ግን ቀረብኝ። አመሰግናለሁ።»

ጭብጨባው ሳያልቅ በጎን በር ወጣች።

ስቱዲዮው ሦስት መንገድ አቋርጦ ነው። ታክሲ መጠበቅ አልቻለችም፤ በባለ ታኮ ጫማዋ እየተደናቀፈች፣ በከሰዓት በኋላው ፀሐይ ሮጠች። በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ አድርጋ ስትገባ፣ ድምፅ እንዲያፍኑ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ብርድ ልብሶች ተነቅለዋል፤ ሳጥኖቹ በገመድ ታስረዋል፤ መሐል ወለሉ ላይ አንድ ማይክ ብቻ ቆሟል። እሱ ማዳመጫውን እንዳደረገ ጣቱን አነሳላት።

ገባት። የሚለቀውን ክፍል ዝምታ እየቀዳ ነው።

ሽልማቱን በብብቷ ሸጉጣ፣ አምባሮቿን በግራ እጇ ጨብጣ ቆመች።  አልተናገረችም፤ አልተንቀሳቀሰችም። አየችው፤ አያት። ደቂቃዋ ረዘመች፤ ግን አለቀች።

ማዳመጫውን አወረደ።

«አበላሸሽው» አለ።

«ኧረ ንቅንቅ አላልኩም።»

«ስታለከልኪ ትንፋሽሽ ገብቷል።»

«አጥፋው እንግዲህ።»

«የአምባሩንም አጥፋው ብለሽኝ ነበር።»

«ሰማሁት» አለች።  «ዛሬ ሰማሁት። ይቅር በለኝ። አመሻሹ ላይ ፊልሙ ከመጀመሪያው ይታያል፤ መጥተህ ከጎኔ ተቀመጥ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የሚለው አያጣም። እኔ ግን አንተን አጣለሁ።»

 እሱ ጎንበስ ብሎ የአንዱን ሳጥን ገመድ ፈታ፤ ከላይ ያለውን ኮት አውጥቶ አራገፈና ለበሰው።

«ቆይኝ» አለ፣ ስልኩን ከኪሱ እያወጣ። «መጀመሪያ ሥራ ለሰጡኝ ሰዎች አልመጣም ልበላቸው።»