ፊቱስ?

ፈጠራ ነው ብትሉኝ አልፈርድባችሁም። እኔም ከሌላ ሰው ብሰማው «ፊልም በዝቶባት ነው» ብዬ እስቅ ነበር።

ግን ደርሶብኛል። ደግሞም በሌሊት አይደለም። ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ገና በመስኮት እየገባች፣ ሳሎኔ ውስጥ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀምጬ ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ዕድሜዬን የኖርኩት ከታላቅ እህቴ ከእታለም ጋር ነው። ሁለታችንም አላገባንም። ስኳር በሽታ ዓይኗን ከወሰደባት በኋላ እኔ እሰፋለሁ፣ እሷ እየዳሰሰች የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች። አስር ሰዓት ሲሆን ሥራ ይቆማል። እታለም ከጎኗ ያለውን ወንበር በመዳፏ መታ መታ ታደርገዋለች። «ነይ ቁጭ በይ» ማለቷ ነው።

ከዚያ ፊልም እንከፍታለን።

የድሮ የሆሊውድ ፊልም፣ ጥቁርና ነጭ፣ ያውም ኮስታራ ወንድ ያለበት ብቻ። እታለም ዓይኗ ደህና ሳለ፣ በልጅነቷ ሲኒማ ቤት ገብታ የወደደቻቸው ናቸው። የዛሬዎቹ ተዋናዮች ይጮሃሉ፣ ዕቃ ይሰብራሉ። እነዚያ ግን ንዴታቸውን መንጋጋቸው ውስጥ ነው የሚይዙት። አንዱ የሚወዳትን ሴት ትቷት ሊሄድ ኮፍያውን ሲያነሳ፣ ጣቱ ጠርዙ ላይ ትንሽ ይቆያል... በቃ። ያቺ ትንሽ መቆየት ለእኛ ከስንት የፍቅር ቃል ትበልጥብን ነበር።

ድምፃቸውን እሷም ትሰማለች። የማየው ግን እኔ ነኝ። ስለዚህ እነግራታለሁ።

«ጥቁር ኮት ነው የለበሰው። ትከሻው ላይ ልክክ ብሏል። በሩ ጋ ቆሟል...»

«ፊቱስ?»

ሁልጊዜ ይህችን ነበር የምትጠይቀኝ። ስለ ኮቱ ደንታ አልነበራትም።

«አላለቀሰም። ግን ዓይኑን አይጨፍንም።»

«አየሽ?» ትለኛለች። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም የሚሉት ውሸታቸውን ነው። ይኸው ይሄ ከአንጀቱ እያለቀሰ ጠብ አላለለትም!»

ታናሽ ወንድማችን «ሁለታችሁ አንድ ባል ነው ያገባችሁት» እያለ ይስቅብን ነበር።

እታለም ሞተች።

ሰው መጣ፣ አለቀሰ፣ ሄደ። ቤቱ ጭር አለብኝ። እኔ ግን አስር ሰዓት ሲሆን ፊልም መክፈቴን አልተውኩም። ጮክ ብዬ ለባዶው ወንበር እነግረዋለሁ። እብደት በሉት። ዝም ካልኩ ግን መሞቷን ማመኔ ነው።

ወንድሜ «እኔ ቤት ትገቢያለሽ፣ ብቻሽን አይሆንም» ብሎ ወጥሮ ያዘኝ። በመጨረሻ እሺ አልኩት። ቅዳሜ ሊወስደኝ ተቀጣጠርን። እሺ ስል ግን እሷን ትቻት የምሄድ ነው የመሰለኝ።

አርብ ዕለት አብልጣ የምትወደውን ፊልም ከፈትኩ። «ኮስታራው» እያለች የምትጠራው ሰውዬ ያለበትን።

«በሩ ጋ ደርሷል» አልኩ። «ኮፍያውን አነሳ። ጣቱ ጠርዙ ላይ ነው...»

ጣቱ እዚያው ቀረ።

ዲስኩ ተጭሮ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ።

ግን ከኋላው ያለው መጋረጃ ይወዛወዛል። በሌላ እጁ የያዘው ሲጋራ ጭስም ወደ ላይ ይወጣል። የቆመው እሱ ብቻ ነው...

«ሂድ» አልኩት በሹክሹክታ።

ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ገለጠው።

ያንን ፊልም በቃሌ አውቀዋለሁ። እዚያ ቦታ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ አያውቅም።

ከዚያ እኔን አየኝ።

ሰውዬው ወደ ጎን ጎንበስ አለ፣ ከምስሉ ጠርዝ በታች ለተቀመጠ ሰው በጆሮ የሚያወራ ይመስል። የተናገረው በእንግሊዝኛ አልነበረም። በእኛው ቋንቋ ነው።

«ሰማያዊ ቀሚስ ነው የለበሰችው» አለ ቀስ ብሎ። «አንገቱ ጋ ተተርትሯል፣ አልሰፋችውም። ብቻዋን ተቀምጣለች...»

እጄን ወደ አንገቴ ሰደድኩ። ተተርትሯል።

ያን ጊዜ ከታች፣ ከማይታየው በኩል፣ የማውቀው ድምፅ መጣ።

«ፊቷስ?»

ፊቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ። አዎ፣ ፈርቼ ነበር። ደግሞ እያለቀስኩ ስለነበር እንዲነግርብኝ አልፈለግሁም።

«አይታይም» አለ ሰውዬው። «ሸፍናዋለች።»

«ግድ የለም» አለች እታለም። «እጠብቃለሁ።»

የቴሌቪዥኑን ገመድ ነቅዬ በባዶ እግሬ ወጣሁ። ቅዳሜን አልጠበቅሁም፣ ያንኑ ቀን ወንድሜ ቤት ገባሁ። ለምን እንደተጣደፍኩ ግን አልነገርኩትም።

እሱ ቤት ዜና እንጂ ፊልም አይታይም። ለዚያ ነበር ልቤ ያረፈው።

ትናንት አስር ሰዓት ላይ ከወንድሜ ጋር ዜና እያየን ነበር። ከዜና አንባቢዋ በስተኋላ ሠራተኞች ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ከእነሱ መሀል አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። ጥቁር ኮት ለብሷል። ኮፍያ አድርጓል። ሁሉም በቀለም ነው፣ እሱ ብቻ ጥቁርና ነጭ...

ከጎኑ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ጆሮዋን ወደ እሱ ዘንበል አድርጋለች።

«ያ ማነው?» አልኩት ወንድሜን።

«የቱ?»

«ከኋላ... ባለ ኮፍያው።»

ቴሌቪዥኑን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። «እትዬ... ማንም የለም እኮ።»

አሁን ፊቴን አልሸፈንኩም። ፈርቻለሁ፣ ግን ናፍቃኛለች። ከፍርሃቱ ናፍቆቱ በለጠብኝ። በደንብ እንዲያየው ፊቴን ቀና አድርጌ ያዝኩለት።

ሰውዬው ዞሮ አየኝ። ብዙ አየኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ነገራት።

እታለም ፈገግ አለች።

ከጎኗ ያለውን ባዶ ወንበርም በመዳፏ... መታ መታ አደረገችው።