አራት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት

የመተማ ሰው «ድልድይ» የሚባለውን ዘፈን መጨረሻውን ሳያውቅ ነው የወደደው። ጥፋቱ ግማሹ የባየልኝ፣ ግማሹ የእኔ ነው። የእሱን ግማሽ ያን ጊዜውኑ ይቅር ብያለሁ። ያስቸገረኝ የራሴ ነው።

የሻረግ እባላለሁ። በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ላይ መተማ ዮሐንስ ውስጥ ሰሊጥ በሚበጠርበት መጋዘን እሠራ ነበር። ማሽኑ አንዴ ከተነሣ አጠገብሽ ያለችው ሴት ብትጮኽም አትሰሚያትም። ሥራው እጅ እንጂ ሐሳብ ስለማይፈልግ ሁላችንም ጆሯችን ላይ ኤርፎን ሰክተን እንውላለን። ችግሩ፣ አገር ያስለቀሱት የፍቅር ዘፋኞች ሁሉ እዚያ መጋዘን ውስጥ ዲዳ ይሆኑብናል።

አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ በጉምሩኩ መንገድ ዳር ወዳለች ዘፈን ማስጫኛ ሱቅ ጎራ አልኩ። እዚህ ቆላ ሰው ዘፈን የሚያገኘው ስልኩን ሱቅ ወስዶ በማስጫን ነው። ባለሱቁ ባየልኝ ቀጭን፣ ረጋ ያለ ልጅ ነበር።

«ማሽን የሚያሸንፍ ዘፈን አለህ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ከሻሼ እስከ ጫማዬ የሰሊጥ ገለባ ነበርኩ። ሊስቅ ፈልጎ ተወው። መተዉን ወደድኩለት።

«ዋልካ ነው የሚያዋጣሽ» አለ።

«ዋልካውንማ ከጫማዬ ላይ አራግፌ ነው የገባሁት።»

አሁን ሳቀ። ዋልካ የአራት የጎንደር ልጆች ባንድ ነው አለኝ። ሀርድ ሮክ የሚሉትን ይጫወታሉ፤ በጥቁሩ አፈራችን ስም ራሳቸውን ሰይመው «ስንጥቅ» የሚል የመጀመሪያ አልበማቸውን አውጥተዋል፤ ዘጠኝ ዘፈን አለው፤ ገና ብዙ ሰው አልሰማቸውም። እሱ ግን አልበሙ ከወጣ ወዲህ ሌላ ሰምቶ አያውቅም። ይህን ሲያወራ ስለ ዘፈን ሳይሆን ስለ ወንድሞቹ የሚነግረኝ ይመስል ነበር።

በማግስቱ ማሽኑ ተነሣ፤ እኔም ዋልካን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ዘፈን ከበሮ ሲመጣ ማሽኑ አጃቢ ሆነ። ጊታሩ እንደ ምሳር ይፈልጣል። ዘፋኙ ይጮኻል፤ ግን የሚጮኸው ተቆጥቶ አይመስልም፣ ጨንቆት ነው የሚመስለው። እኔም የምጮኽበት ቦታ ያጣሁ ሰው ነበርኩና ነገሩ ገባኝ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሁለት ጊዜ አዳረስኩት።

ዘጠነኛው ዘፈን ግን አበሸቀኝ። «ድልድይ» ይባላል። ቀስ ብሎ ይጀምርና እየከበደ፣ እየከበደ ይመጣል፤ ዘፋኙ ከወንዙ ወዲህ የቆመ ሰውን ሐሳብ ያወራል፤ በመጨረሻም ባለ በሌለ ድምፁ «ከድልድዩ ማዶ...» ይልና ጸጥ። አራት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ። ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄጄ ዘፈኑ ተበላሽቶብኛል አልኩት።

«አልተበላሸም» አለ። «እኔ ነኝ የቆረጥኩት።»

«ለምን?»

«እንድትመለሺ።»

ይህን ብሎ የሰው ስልክ ይገላብጥ ጀመር። ውጭ የጭነት መኪኖቹ ተሰልፈው ጉምሩክ ይጠብቃሉ። ሁለታችንም እነሱን ስናይ ቆየን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የቀረው ሦስት ደቂቃ ገደማ እንደሆነ፣ እዚያ ውስጥም አንድ ቃል እንዳለ ነገረኝ። ሴት ልጅ ሰምታው እምቢ የማትለው ቃል።

«እንግዲያው አሰማኛ» አልኩት።

«ጊዜው ሲደርስ፣ እኔ ራሴ አሰማሻለሁ።»

በየማታው ከሥራ ስወጣ እዚያች ሱቅ መቆም ልማዴ ሆነ። ስለ ዘጠኙም ዘፈን ተከራክረናል። እሱ አራተኛውን ሲያመሰግን እኔ ስድስተኛውን አወድሳለሁ። አንዳንዴ ኤርፎኑን አንድ አንድ ጆሮ ተካፍለን እንሰማለን፤ ገመዱ አጭር ስለሆነ ትከሻችን ይገናኛል። ገመዱ ይርዘም ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

ባየልኝ የሠራት ስሕተት በዚህ መሐል ናት። ትራክተር ነጂው ደሞዝ ዋልካን እንዲጭንለት ሲመጣ፣ ለእኔ ያዘጋጀውን ሳያስተውል ገለበጠለት። ደሞዝም ትራክተሩ ላይ ስፒከር አስሮ እርሻ ለእርሻ ይዞት ዞረ። የሞተር ድምፅን የሚችል ዘፈን የጠማው ሹፌር ሁሉ ከደሞዝ ስልክ ወሰደ። በሳምንት ውስጥ እስከ ገንዳ ውሃና አብርሃ ጅራ የደረሰው የተቆረጠው ነው።

ደሞዝ መጀመሪያ ስፒከሩ የተቃጠለ መስሎት ሞተሩን አጥፍቶ፣ ወርዶ ሽቦ ፈትሿል። በሁለተኛው ቀንም እንዲሁ። በሦስተኛው ገባውና «እዚህ ላይ ማቆም የሚያውቅ ሰው ሊቅ ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ ሥርዓት ሆነ። «ከድልድዩ ማዶ» ሲባል ነጂው ሞተር ያጠፋል። ሂላው፣ ቆሞ የደረቀው የሰሊጥ ነዶ፣ ተገልብጦ ሰሊጡ በሚራገፍበት ማሳ ላይ፣ የቀን ሠራተኞቹ ሁሉ እጃቸውን ይዘው ለትንሽ ጊዜ ዝም ይላሉ። ባየልኝ ሊያርመው አፍሮ ነበር። በኋላ ግን ደስ አለው፤ አገሩ ሁሉ የእኛን ምስጢር እየዘፈነልን ነው ይለኝ ነበር።

ምስጢሩ አባቴ ጆሮ ደረሰ። አባቴ አቶ ገብረማርያም ከበለሳ ወርደው ይህን ቆላ ያቀኑ ገበሬ ናቸው። ጩኸት እየሸጠ ለሚያድር ልጅ ልጄን አልሰጥም አሉ። እኔም ምግብ አኮረፍኩ፤ በጾም ወቅት ማኩረፌን ማንም ልብ አላለውም እንጂ። በኋላ የባየልኝ እናት፣ እማማ ውባንች፣ መጥተው አነጋገሯቸውና ለስለስ አሉ። ከፋሲካ በኋላ፣ ለዳግማይ ትንሣኤ፣ ሽማግሌ ይላክ ተባለ። አባቴ ለእኔም አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ።

«ቃል የሚሰማው በሽማግሌ ፊት ነው። ከዚያ በፊት የሚባለውን እንዳትሰሚ።»

ባየልኝ በሁዳዴው አጋማሽ ሳጂድ ከሚባል፣ በሱዳን በኩል ካለችው የጋላባት ከተማ ነጋዴ ጋር ካርቱም ወረደ፤ ያገለገሉ ስልኮች ለሱቁ ሊያመጣ። እስከ ድልድዩ ሸኘሁት። የእኛና የሱዳን ወሰን ያቺ አጭር ድልድይ ናት፤ ልጅ የወረወረው ድንጋይ ይሻገራታል። መሐሏ ላይ ሲደርስ ዞሮ አየኝና ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቅሶ «ከድልድዩ ማዶ» አለኝ። ሳቅሁበት። ለፋሲካ እደርሳለሁ ብሎ ነበር።

ዕቃው ዘገየበት። ስቅለት ዕለት ከሰዓት ደወለ። ከስግደት ተመልሼ በር ላይ ተቀምጫለሁ። ሰኞ እንደሚነሣ ነገረኝ። ከዚያ እንደማመንታት አለና፣

«የሻዬ፣ መጨረሻውን አሁን ላሰማሽ?» አለ።

ጾሙን ሙሉ ማሽን ሥር ዋልካን ስሰማ የከረምኩት ሴት ያን ቀን ጻድቅ ሆንኩ።

«ዛሬ ስቅለት ነው፤ ዘፈን አይሰማም» አልኩት። «ደግሞስ በስልክ? ሽማግሌው ይቅደም።»

ወዲያ ማዶ ቬንትሌተር ሲዞር ይሰማኛል። አንድ ነገር ሊል አየር ሲስብም ሰማሁት። ግን አላለም።

«ተማም» አለኝ፣ እንደ ሱዳኖቹ። «እንዳልሽ ይሁን።»

በማግስቱ ቅዳሜ ካርቱም ላይ ጦርነቱ ጀመረ።

ሳጂድ በሦስተኛው ሳምንት ብቻውን ተመለሰ። አውቶቡስ መናኸሪያው ላይ ተኩስ ሲከፈት ተለያይተዋል። ሌላ የሚያውቀው የለም። ከዚያ በኋላ ጦርነቱን የሸሸው ሕዝብ በዚያች ድልድይ ላይ እንደ ጎርፍ መጣ፤ እኔም ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶውን ይዤ ሁለት ወር ሙሉ ቆምኩ። ለሺህ ሰው አሳየሁት። አንዳንዱ ሊያጽናናኝ ብሎ አይቼዋለሁ ይለኛል፤ የት ስለው ግን ይጠፋዋል። እማማ ውባንች አንድ ጠዋት መጥተው የሱቁን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጡ።

«ሲመጣ ተዘግቶ እንዳያገኘው» አሉኝ።

መጋዘኑን ትቼ ሱቁን ከፈትኩ። አባቴም የተሰበረውን መደርደሪያ መጥተው ጠገኑልኝ።

የባሰው ግን ዘፈኑ ነበር። ዋልካን ያልጫነ ባጃጅ የለም፤ ያላሰረው ትራክተር የለም። «ከድልድዩ ማዶ» ይላል፤ ጸጥ ይላል። ሞት እንኳ አንዴ መጥቶ ይሄዳል፤ ይሄኛው ግን በቀን አሥር ጊዜ ይመጣብኛል። እዚያ ዝምታ ውስጥ ቬንትሌተሩ ሲዞር እሰማለሁ፤ አየር ሲስብም እሰማለሁ። ሰው እያነጋገርኩ ቃሌን አቋርጬ የምጠብቅበት ጊዜ አለ። ደንበኞቼ ለምደውኛል፤ እነሱም አብረው ይጠብቁኛል።

ሙሉው ዘፈን የነበረው ባየልኝ ስልክ ላይ ነው፤ ከእሱ ጋር ሄዷል። ያኔ በክልሉ ሁሉ ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበረም ሌላ ቦታ የሚሰማ አልተገኘም። እውነቱን ልናገርና፣ መቋረጡ ለእኔ ተመችቶኝ ነበር። መጨረሻው ያልተሰማ እስከሆነ ድረስ፣ የሚያሰማኝ ሰው ሊመጣ ይገባዋል ብዬ አምን ነበር።

ከዓመት ገደማ በኋላ ኢንተርኔቱ ተመለሰ። ደሞዝ ስልኩን አንጠልጥሎ እየሮጠ መጣ። ዋልካ የሚለውን ሲፈልግ አልበሙን አግኝቶ፣ ከሥሩ የሌሎች ወዳጆችን ጽሑፍ ሲያነብ፣ አንዱ የ«ድልድይ» የመጨረሻ ሦስት ደቂቃዎች ሕይወቱን እንደለወጡት ጽፏል። ደሞዝ ደግሞ «የምን ሦስት ደቂቃ?» ብሎ መለሰለት።

«የሻረግ፣ ዘፈናችን ጅራት አለው» አለኝ። «አልሰማሁትም። ከሁላችን ጋር ልሰማው ነው ያቆየሁት።»

ለእሑድ እዚሁ ሱቁ በር ላይ ሊሰበሰቡና አልበሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊሰሙ ነው። ያን ጊዜ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኩት፤ መቁረጡን፣ ቃሉን፣ የስቅለቱን ስልክ። ደሞዝ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ሲያዞረው ቆየ። አትስሙ ካልሽን አንሰማም፣ ይጠፋል አለኝ። እኔ ግን ብሰማው መቃብሩን በእጄ የምደፍንበት ነበር የሚመስለኝ። እማማ ውባንች ዘንድ ሄድኩ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ዘፈን ያለውን አይገድል፣ የሞተውን አያስነሣ። እኔም እመጣለሁ፤ ልጄ የወደደውን አንዴ ልስማው።»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሠላሳ የሚሆኑ ሹፌሮችና የመጋዘኑ ሴቶች ተሰበሰቡ። ስፒከሩን የደሞዝ ተሳቢ ላይ ሰቀሉት። በየዘፈኑ መሐል አንድ አንድ ሰው እየተነሣ ይናገራል። አንዱ በሦስተኛው ዘፈን ከበሮ ጎማ ከዋልካ እንዳወጣ ማለ። መንበረ የምትባል የመጋዘን ጓደኛዬ ስድስተኛው ባይኖር የሐዘን ዓመቷን አትወጣውም ነበር አለች። እማማ ውባንች ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ ጠቅልለው፣ ምርቃት እንደሚቀበል ሰው ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብለዋል።

ዘጠነኛው ደረሰ። «ከድልድዩ ማዶ...» አለ። ሠላሳ ሰው ትንፋሹን ዋጠ።

ዝምታው አልመጣም። ጊታሩ ቀጠለ። ብቻውን፣ ሳይቸኩል ሄደ፤ ከበሮው ከኋላ ተከተለው። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። ከበሮው እየዘገየ፣ እየራቀ ሄደና በመጨረሻ ቆመ። አለቀ።

«ቃሉስ?» አለ ደሞዝ።

እንደገና ከፈቱት። ቃል የለም። ዘፋኙ ከ«ማዶ» በኋላ አፉን አልከፈተም።

«ምን አለ?» አሉኝ እማማ ውባንች፤ ጆሯቸው ያመለጠው መስሏቸው።

«ምንም አላለም፣ እማማ።»

የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እዚያ ውስጥ ሴት ልጅ እምቢ የማትለው ቃል አልነበረም። ባየልኝ የቆረጠው ባዶ ቦታ ነበር፤ የራሱን ቃል ሊያስቀምጥበት። ስቅለት ዕለትም ዘፈን ሊከፍትልኝ አልነበረም የደወለው። የሚከፈት ነገር አልነበረውም። አየር የሳበው ሊናገር ነው። እኔ ነኝ ዛሬ ስቅለት ነው ብዬ አፉን የዘጋሁት።

ሰው ፊት አለቀስኩ፤ አላፈርኩም። እማማ ውባንች ጭንቅላቴን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ማንም «አይዞሽ» አላለኝም፤ ለዚያ አመሰግናቸዋለሁ።

ሲነሡ ደሞዝ ሁሉንም ወክሎ ጠየቀኝ። ሙሉውን እንጫን ወይስ የቆየውን? መልሱን ግን ከእኔ አልጠበቀም። እነሱ እዚያው ላይ ማቆም እንደለመዱ፣ ማሳውም እንደለመደው ነገረኝ። አሁንም አዲስ ስልክ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ የምጭነው አራት ደቂቃ ከአሥራ ሁለቱን ነው።

ትናንት እኩለ ቀን ላይ ደሞዝ በሱቄ በር ሲያልፍ ዘፈኑ እዚያው ቦታ ደረሰ። ሞተሩን አጠፋ። መንገዱ ዝም አለ፤ ጉምሩክ ለማለፍ የተሰለፉት የጭነት መኪና ሹፌሮችም ወሬያቸውን አቆሙ። ቬንትሌተሩ ሲዞር ሰማሁ። አየር ሲስብም ሰማሁት።

«አሰማኝ» አልኩት፤ ድምፄን አውጥቼ።

ደሞዝ ቁልፉን እንደያዘ ዞሮ አየኝ። ሞተሩን ለማስነሣት አልቸኮለም።