ሁለተኛው እግድ

ጠና ሆሳዕና ከተማ በሚገኘው የማኅበሩ ቢሮ ወለል ላይ ሞቶ የተገኘው ሐሙስ ጠዋት ነው። ከኋላ በመዶሻ ተመትቷል። ጠረጴዛው ላይ አንድ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ነበር።

ኢንስፔክተር ሙሉመቤት አነበበችው። ጠና የሚመራው የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ማኅበር ዓርማውን የሚሰጠው ተፈትነው ላለፉ ብቻ ነው። ክረምት ላይ ጊምቢቹ ውስጥ አንዲት እናት ከነልጇ በእሳት ሞተች። የቤቱን የኤሌክትሪክ መስመር የዘረጋው ሰው ዓርማውን ለብሷል እንጂ ተፈትኖ አያውቅም። ያኔ ነው ጠና የከሰሰው። ትዕዛዙ ሠራተኛውን የቀጠረው ነጋዴ ናስረዲን ዓርማውን እንዳይጠቀም ያግዳል።

የጠና ሚስት ሊሻን ስትጠየቅ ግድግዳውን እያየች መለሰች።

«ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከፍርድ ቤት ደወለልኝ። ‹ተሰጠኝ› አለኝ። ደስ ያለው አይመስልም ነበር።»

ናስረዲን ተቆጣ። «ተናድጄበት ነበር፤ አልደብቅዎትም። ዓርማውን በደላላ ነው የገዛሁት። እግድ መውጣቱን ግን ገና ከእርስዎ መስማቴ ነው።»

የማኅበሩ ጸሐፊ ኤልያብ አቀርቅሮ ነበር። «ሙያ ያስተማረኝ ጋሽ ጠና ነው። እኔም ትዕዛዙን አላየሁትም። ሰው እንዴት ለሁለት እግድ ብሎ ሰው ይገድላል?»

ሙሉመቤት ወደ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሄደች። ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም እዚያው ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ገዳዩ ናስረዲን ቢሆን ኖሮ፣ ስሙ ያለበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አይተወውም ነበር» አለች። «ኤልያብ፣ አንተ ሁለት እግድ አልክ። እኛ ያገኘነው አንድ ነው። ሁለት መሆናቸውን የሚያውቁት ፍርድ ቤቱና ሟቹ ብቻ ነበሩ። ትዕዛዞቹ ለተከሳሾቹ ገና አልደረሱም።»

ከመዝገብ ቤት ያመጣችውን ግልባጭ ዘረጋች።

«ሁለተኛው ያንተ ነው። ዓርማውን ለማንም እንዳትሰጥ፣ ማኅተሙንም እንድትመልስ ይላል። ለደላላው የምትሸጠው አንተ ነበርክ። ጠና አሳየህ፤ ገደልከው፤ ያንተን ወረቀት ይዘህ፣ የናስረዲንን ትተህ ወጣህ።»

ኤልያብ ግልባጩን መልሶ ወደ እሷ ገፋው።

«ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም» አለ። «‹የጊምቢቹዋን ሴትዮ ስም ታውቃለህ?› አለኝ። አላውቅም ነበር። ጀርባውን ሲያዞርብኝ...»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ሊሻን አላለቀሰችም።

«ጨረሳችሁ?»

«ጨርሰናል፣ እህቴ።»

«አንጋጫ ያለችው የጠና እናት ገና አልሰማችም» አለችና ቦርሳዋን አንስታ ወደ መናኸሪያው ሄደች።