ግማሽ ዳቦ በእንቁላል

«ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስሽም አይደል?» አለች የጥርስ ሐኪሟ ጓንቷን እያጠለቀች።

ብረቷ አፏን ሳትከፍት እናቷ ቀደመቻት። «ውኃ እንኳ አልቀመሰችም፣ ዶክተር! ቁርሱን ራሴ ነኝ የደበቅኩባት።»

ሐኪሟ ሳቀች። እናትየው ልብስ ሰፊ ናት። ከሱቋ ተጣድፋ ስለወጣች የመለኪያ ሜትሯ አሁንም አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ብረቷ ግን አልሳቀችም፤ የወንበሩን እጀታ ጨምድዳ ይዛ ጣሪያውን ታያለች።

ብረቷ የወጣላት ስም ነው። በመረብ ኳስ ጣቷ ወልቆ ጨዋታውን የጨረሰች ዕለት የክፍል ጓደኞቿ አወጡላት፤ እሷም ስሙን ስትወደው ለጉድ ነው። ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ የመጨረሻው መንጋጋዋ ድድ ውስጥ እንደተጋደመ በራጅ ካሳየቻት በኋላ «ቦታውን በመርፌ ብቻ አደንዝዤ ልነቅለው እችላለሁ፤ ከፈለግሽ ደግሞ በክንድሽ በኩል የእንቅልፍ መድኃኒት ይሰጥሻል» ስትላት ቃሏን ሳታስጨርሳት «በመርፌ ብቻ!» ያለችው ለዚህ ነው። እናቷ ናት «ሐሳብሽን ብትቀይሪስ? ለማንኛውም እንዳትበዪ» ብላ ያስጠነቀቀቻት።

ሐሳቧን ቀየረች። ቅድም ወንበሩ ላይ ወጥታ፣ ከጎረቤት ክፍል የመሰርሰሪያውን ድምፅ ስትሰማ «ዶክተር፣ የእንቅልፉ ይሁንልኝ» አለች። ድምፅዋ አልወጣ ብሎ ሁለቴ መድገም ነበረባት።

ችግሩ ዳቦው ነው። ጠዋት የቤት ሥራ ለማስረከብ ትምህርት ቤት ጎራ ብላ ነበር። የክፍሉ ቀልደኛ በሩ ላይ አገኛትና «ዛሬ መብላት የለም አሉ! ሊያስተኙሽ ነው እንዴ?» አላት።

«የማይበላው የሚተኛ ሰው ነው። እኔ ዓይኔ እያየ ነው የማስነቅለው» ብላ ዳቦ በእንቁላሉን ከእጁ ነጥቃ ግማሹን ዋጥ አደረገችው። ልጆቹ አጨበጨቡላት። ገለባ ብቻ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። ገለባ በክትባት ቀን መርፌውን አይቶ ዘፍ ያለው ልጅ ነው፤ ስሙን ያወጣችለት እሷ ናት። ለሳምንታት በየዕረፍቱ እንደ እሱ እየወደቀች ስታሳይ መጀመሪያ አብሯቸው ይስቅ ነበር፤ በኋላ በዕረፍት ሰዓት ከክፍል መውጣት ተወ።

ሐኪሟ የጠራችው የማደንዘዣ ባለሙያ ክንዷን በላስቲክ አሰረና «ጨብጪ» አላት።

ግማሽ ዳቦ ምን ያመጣል? ዝም ብትል ማን ያውቃል? «የበላ ሰው ቢተኛ ምን ይሆናል?» አለች። «እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።»

«ምግቡ ተመልሶ ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል። ለሕይወት ያሰጋል» አለ ክንዷን በአልኮል እየጠረገ። «በዚህ አንቀልድም።»

ብረቷ ወደ እናቷ አየች። እናቷ ከጥግ ሆና «አይዞሽ» እያለች በዓይኗ ፈገግ አለችላት። ይህን ፊት ማሳፈር ከመርፌው የባሰ መሰላት።

እንዲያም ሆኖ «በልቻለሁ» አለች።

«ምን?» አለች እናቷ።

«ዳቦ በእንቁላል። ግማሽ። ጠዋት ትምህርት ቤት በር ላይ።»

የእናቷ ፊት ቀላ። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ትጠቀልለው ጀመር። «ይቅርታ ዶክተር… እኔ እኮ አምኛት ነው።»

ብረቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ባለሙያው ላስቲኩን ፈታ። ሐኪሟ በርጩማዋን ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ሁለት ምርጫ አለሽ። ዛሬ ሳትተኚ በመርፌ ብቻ፣ ወይም ነገ ጠዋት በባዶ ሆድሽ መጥተሽ ተኝተሽ። በመርፌ ብቻ ከሆነ ግፊቱ ይሰማሻል እንጂ አያምሽም። እጅሽን ካነሳሽ ወዲያው አቆማለሁ።»

ዛሬ ብትል ጉንጯ አብጦ ትወጣለች፣ ብረትነቷም እንዳለ ይቀራል።

«ነገ» አለች። «ተኝቼ። በጣም ፈርቻለሁ።» በዚህኛው ጊዜ መድገም አላስፈለጋትም።

እናቷ ቤታቸው አቅራቢያ ሲደርሱ «ለኔ እንኳ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለቻት። ብረቷ ስልኳን አጥፍታ አደረች።

በማግስቱ ቁርስ የደበቀባት አልነበረም፤ እናቷ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ ትታው ልትለብስ ገባች። ብረቷ አልነካችውም። የሐኪሟ ወንበር ላይ ስትጋደም መድኃኒቱ ክንዷ ላይ ቀዝቀዝ ሲል ተሰማት፤ የጣሪያው መብራት ራቀ፤ ከዚያ…

«መቼ ነው የምትጀምሩት?» አለች። አፏ በፋሻ ስለተሞላ ቃሉ ተንሻፎ ወጣ።

«አልቋል እኮ፣ እናቴ!» አለች እናቷ እየሳቀች። ከትናንት ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው።

ከሰዓት በኋላ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ፣ ፋሻዋን ነክሳ፣ በቁራጭ ጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ጉንጯ ላይ ይዛ ስልኳን ከፈተች። የክፍሉ ቡድን በመልእክት ተጥለቅልቋል። «ብረቷ! ዓይንሽ እያየ ተነቀለ?» ቀልደኛው ደግሞ «ወይስ እንደ ገለባ ዘፍ አልሽ?» ብሎ ከሥሩ የሳቅ ፊቶች ደርድሯል። ገለባም በቡድኑ ውስጥ አለ። ሁሉንም አይቷል።

ጉንጯን ፎቶ አንስታ ብትልክ ይበቃል፤ ትናንት የሆነውን የሚጠይቃት የለም። ካሜራውን ከፈተችው። ዘጋችው።

«ተኝቼ ነው የተነቀለልኝ» ብላ ጻፈች። «ትናንት ፈርቼ ከወንበሩ ተመልሻለሁ። ልዋሽም ምንም አልቀረኝም ነበር።» ‹ፈርቼ› የሚለውን አጠፋችው፤ መልሳ ጻፈችው። «ገለባ የሚለውን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስሙ እሱ አይደለም።» ከዚያ የልጁን ስም፣ መምህሩ እንደሚጠራው ከነአባቱ ስም ጻፈች። ይህን ስም ስትጽፈው የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር።

ላከችው።

«ማነው እንዲህ ያስጨነቀሽ?» አለች እናቷ ሌላ በረዶ ይዛ ስትገባ።

ብረቷ ስልኩን አቀበለቻት። «አንብቢው» አለች በፋሻው ውስጥ።